ከፍጥነቱ በፊት ሙቀቱ

በየዶርሙና በየሻይ ቤቱ በተደጋጋሚ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፤ «ይህ የጌም ላፕቶፕ አርጅቷል፤ አዲስ ለመግዛት አቅም የለም፤ ፕሮሰሰሩን ብንለውጠው ወይም ኦቨርክሎክ ብናደርገው ምን ይመስላችኋል?» የሚለው ነው። መልስ የሚሰጥ ሰው አይታጣም። አንዱ፤ «ምን ችግር አለ፤ አይ9 ይግባበት» ይላል። ሌላው፤ «ለምን ገንዘብ ታወጣለህ፤ ባዮሱን ከፍተህ ፍጥነቱን ጨምርበት» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ምንም ሳይናገር ካቻቪቴውን ይዞ ይቀርባል።

ነገሩ የጨዋታ ጉዳይ ነውና ወረቀት ለምን ይባክንበታል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛ እንደዚያ አናየውም። ላፕቶፑ የተገዛው አባት ከደመወዙ እየቈረጠ፣ እናት የዕቁብ ዕጣዋን ሰጥታ፣ ወይም በዐረብ አገር የምትሠራ እኅት ልካ ነው። ደግሞም ማታ ጌም የሚጫወቱበት ላፕቶፕ ጧት አውቶካድ ይሣልበታል፤ ማትላብ ይሰላበታል፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ይጻፍበታል። ዴስክቶፕ መግዛት ይሻል ነበር ለሚለንም መልሳችን አጭር ነው፤ መብራት ሲጠፋ ዴስክቶፕ አብሮ ይጠፋል፤ ከዶርም ወደ ቤተ መጻሕፍትም ተሸክመውት አይሄዱም። እንግዲህ ያለን ይኸው አንድ ላፕቶፕ ነው። እርሱ ከተቃጠለ የሚቃጠለው ጨዋታው ብቻ አይደለም።

ስለዚህ አሳባችንን ከመጀመሪያው ግልጽ እናድርግ። የዛሬ ዘመን ላፕቶፕ ፕሮሰሰሩ አይለወጥም፤ ፍጥነቱም ቢጨመርለት የሚሸከምበት ጫንቃ የለውም። ላፕቶፑን የሚያዘገየው ከሁሉ በፊት ሙቀት ነው። ሙቀቱን የሚቀንስ ሰው ገንዘብ የከፈለበትን ፍጥነት ያገኛል፤ ፍጥነቱን ለመጨመር የሚጣደፍ ሰው ግን ያለውንም ያጣል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ከዚህም ቀጥሎ የምንለው አለ፤ የገዛነውን ዕቃ ከፍተን ለማደስ የነበረን ሥልጣን ቀስ በቀስ ተወስዶብናል፤ ይህም ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ፕሮሰሰር ስለ መለወጥ

በመጀመሪያ «አይ9 ይግባበት» የሚለውን ምክር እንመርምር። ይህ ምክር በዘመኑ እውነት ነበር። እስከ አራተኛው የኢንቴል ትውልድ ድረስ፣ ማለት በ2013 እስከ ወጡት ድረስ፣ ብዙዎቹ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች በሶኬት ላይ የሚቀመጡ ነበሩ። አንዲት ብሎን ዞር አድርጎ አሮጌውን ማንሣትና አዲሱን ማስቀመጥ ይቻል ነበር። ለምሳሌ ያህል ኮር አይ5-4200ኤም የነበረበትን ላፕቶፕ ወደ ኮር አይ7-4700ኤምኪው ማሳደግ፣ ከ2 ኮር ወደ 4 ኮር መሻገር ነበር። በዚያው ዓመት የወጣውና መጨረሻው ኤችኪው የሆነው አይ7-4700 ግን ከማዘርቦርዱ ጋር ተበይዶ የሚመጣ ነበር። በአንድ ፊደል ልዩነት አንዱ ገዢ የሚለወጥ ዕቃ ሲያገኝ ሌላው የማይለወጥ ገዝቶ ገባ ማለት ነው። በ2015 የወጣው አምስተኛው ትውልድ ሲመጣ ሶኬቱ ከላፕቶፕ ውስጥ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ሁሉ፣ ከጥቂት ልዩ ልዩ ሞዴሎች በቀር፣ ከሥሩ ባሉት እጅግ ብዙ ጥቃቅን የብየዳ ነጥቦች ከማዘርቦርዱ ጋር የተጣበቀ ነው።

የተበየደውስ ቢሆን በሙቅ አየር ማሽን ይነሣ የለምን የሚል ይኖራል። ይነሣል። ማሽኑና የለመደ እጅ ካለ ሌላ ይበየድበታል። ነገር ግን አዲሱ ፕሮሰሰር የዚያው ቤተ ሰብ መሆን አለበት፤ ባዮሱ ሊያውቀው ይገባል፤ የኀይል መስመሩም ሆነ ማቀዝቀዣው የተሠራው ለአሮጌው ልክ ነው። ከአንዱ ነጥብ ብየዳው ከሳተ ደግሞ የሚጣለው ማዘርቦርዱ በሙሉ ነው። ለዚህ ሁሉ የሚወጣው ገንዘብ አሮጌውን ላፕቶፕ ሸጦ በላዩ በመጨመር የተሻለ ለመግዛት ወደሚበቃው ይጠጋል። ስለዚህ ምክሩን አንቀበለውም።

የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር በሶኬት ያስገቡ ላፕቶፖችም አልጠፉም። በ2019 ዴል ኤሊየንዌር ኤሪያ-51ኤም የተባለውን ግዙፍ ላፕቶፕ በዚህ ዐይነት አወጣ፤ ውስጡ እስከ ኮር አይ9-9900ኬ ድረስ የሚቀበል ሶኬት ነበረው። ነገር ግን በሚቀጥለው ዓመት የወጣው አሥረኛው ትውልድ ፕሮሰሰር ሌላ ሶኬት የሚፈልግ ሆነ። የ2019ኙ ሶኬት 1151 እግር ሲኖረው የ2020ው 1200 ነው፤ ስለዚህ አዲሱ በአሮጌው ላይ አይገባም። ላፕቶፑ ወደ ፊት ይሻሻላል ተብሎ ተሽጦልናል በሚሉ ገዢዎች ስም በ2021 በካሊፎርንያ ክስ ቀረበ። ከዚህ የምንማረው፣ ሶኬት መኖሩ ብቻ በቂ አለመሆኑን ነው። በሩ ቢከፈትም በሩ የሚያስገባው እንግዳ ከሌለ ምን ይጠቅማል?

ኦቨርክሎክ ስለ ማድረግ

አሁን ወደ ሁለተኛው ምክር እንሻገር። የፕሮሰሰር ሥራ የሚካሄደው በምት ነው፤ 1 ጊጋኸርዝ ማለት በሴኮንድ 1 ቢሊዮን ምት ነው። ኦቨርክሎክ ማድረግ ማለት ይህን ምት ፋብሪካው ከወሰነው በላይ ማፍጠን ነው።

የዚህ ሥራ ዝና ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በ1998 ኢንቴል ሴሌሮን 300ኤ የተባለ ርካሽ ፕሮሰሰር ለገበያ አቀረበ። ፕሮሰሰሩ የማዘርቦርዱን የ66 ሜጋኸርዝ ምት በ4.5 እያባዛ በ300 ሜጋኸርዝ ይሠራ ነበር። ማባዣው ተቈልፏል፤ ነገር ግን የማዘርቦርዱን ምት ወደ 100 ከፍ ላደረገ ሰው ያው ርካሽ ፕሮሰሰር በ450 ሜጋኸርዝ ይሮጥለት ነበር። የፍጥነቱን ግማሽ ያህል በነጻ መጨመር ማለት ነው። ይህ ሊሆን የቻለው ፋብሪካው ራሱ ያልተጠቀመበት ትልቅ ትርፍ አቅም በውስጡ ስለ ነበረ ነው።

ያ ዘመን አልፏል። በ2004 ኢንቴል 4 ጊጋኸርዝ ሊያደርሰው አቅዶ የነበረውን ፔንቲየም 4 ሰረዘው፤ እንቅፋት የሆነውም በአብዛኛው ሙቀት ነበር። ከዚያ ወዲህ ኩባንያዎቹ ምቱን ብቻ ማፍጠኑን ትተው ኮሮቹን ማብዛት ያዙ። ሕጉ ቀላል ነው፤ ሙቀቱ ከምቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በካሬ ያድጋል። ምቱን በ10 ከመቶ ለማፍጠን ቮልቴጁን በ10 ከመቶ መጨመር ቢያስፈልግ፣ 1.1 ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 1.33 ይሆናልና ሙቀቱ በ33 ከመቶ ያድጋል። አንድ እጅ ፍጥነት በሦስት እጅ ሙቀት ይገዛል ማለት ነው። በዴስክቶፕ ላይ ትልቅ ማቀዝቀዣ ይጫናልና ዋጋውን መክፈል ይቻላል። ሁለት ጣት ውፍረት በሌለው ላፕቶፕ ውስጥ ግን ከየት ይከፈላል?

በአገራችን በብዛት ከሚታዩት አንዱን እንውሰድ። ኮር አይ7-9750ኤች የወጣው በ2019 ሲሆን 6 ኮር አለው። መነሻ ምቱ 2.6 ጊጋኸርዝ ነው፤ በቱርቦ አንዱ ኮር እስከ 4.5 ጊጋኸርዝ ይደርሳል። 45 ዋት ተብሎ የተጻፈለት ሙቀት የመነሻው ምት ሙቀት ነው። ልብ ይሏል፤ ከ2.6 ወደ 4.5 መውጣት በ73 ከመቶ መፍጠን ነው። ኦቨርክሎኩን ፋብሪካው ራሱ ሠርቶ፣ ስሙን ቱርቦ ብሎ፣ ዋጋውን ተቀብሎ ሸጦታል። ለእኛ የተረፈ ነገር የለም። ማባዣውም የተቈለፈ ነው፤ ከላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ማባዣቸው ክፍት ሆኖ የመጡት እንደ ኤችኬ እና በኋላም እንደ ኢንቴል ኤችኤክስ ያሉት ውድ ዐይነቶች ናቸው።

ክፍት መሆኑስ ብቻውን ምን ያደርጋል? በ2018 አፕል ማክቡክ ፕሮን ኮር አይ9-8950ኤችኬ አስገብቶ ለገበያ ሲያወጣው፣ ከባድ ሥራ የጫኑበት ሰዎች ከመነሻው ከ2.9 ጊጋኸርዝ በታች ሲወርድ አዩት። አፕል ሙቀቱን በሚያስተዳድረው ፕሮግራም ላይ ጉድለት መኖሩን አምኖ በዚያው በሐምሌ ወር ማስተካከያ አወጣ። እንግዲህ የላፕቶፕን ፍጥነት የሚወስነው በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቍጥር ሳይሆን የሙቀቱ አስተዳደር መሆኑ በዚህ ይታወቃል።

የጌም ላፕቶፕ ጭንቀት ደግሞ እጥፍ ነው። በብዙዎቹ ውስጥ ፕሮሰሰሩና የግራፊክስ ካርዱ አንድ ዐይነት የመዳብ ቱቦና አንድ ዐይነት ማራገቢያ ይጋራሉ። በአብዛኛው ጌም ውስጥ ሥራው የሚበዛው በግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው። ፕሮሰሰሩን ያለ ልክ ያጋለ ሰው የግራፊክስ ካርዱን ማቀዝቀዣ ነጠቀ ማለት ነው። ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ምቱን ይቀንሳል። በዚህን ጊዜ ጌሙ ይንተፋተፋል፤ ባለቤቱ ላፕቶፑ አረጀ ይላል፤ ከዚያም ኦቨርክሎክ ስለ ማድረግ ያስባል። ውኃ የጠማውን ሰው ጨው እንደ ማላስ ነው። 4.5 የሚለው ቍጥርም ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሆኖ ይቀራል።

እዚህ ላይ ስለ አገራችን አንድ ነገር እንጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የበለጠ ከፍታ አላት። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚያሳልፈው አየር ክብደቱ ያንሳል፤ የሚያወጣውም ሙቀት እንዲሁ። የከተማችን አየር ቀዝቃዛ ነው ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው፤ ቅዝቃዜው የሚሰጠውን ግን ስስነቱ በከፊል ይወስደዋል። ስለዚህ በባሕር ጠረፍ ከተማ ተቀምጦ «የእኔ ላፕቶፕ ይህን ያህል ቻለ» የሚል ሰው ምክር ለእኛ እንዳለ አይሠራም።

«ንብረቴ ነው» ለሚሉን

አንዳንድ ወንድሞች እንዲህ ይሉናል፤ «ላፕቶፑ የእኔ ነው፤ ባቃጥለውስ ማን አገባው?» በዚህ ነገር ከእነርሱ ጋር ነን። መብት ያለው ሰው መብቱን ሁሉ ዛሬውኑ ይጠቀምበት ማለት ግን አይደለም። የምንቃወመው ጥድፊያውን ነው፤ መብቱን ግን እንደግፋለን።

መብቱ ሲነካ ያየንባቸው ጊዜያት አሉና። በ2015 መጀመሪያ ኤንቪዲያ ባወጣው ድራይቨር የላፕቶፕ ግራፊክስ ካርዶችን ኦቨርክሎክ ማድረግን ከለከለ። ተጠቃሚዎች አጥብቀው ስለ ጮኹ ኩባንያው አሳቡን ለውጦ መልሶ ፈቀደ። በ2019 መጨረሻ ደግሞ የአውሮፓ ተመራማሪዎች ፕላንደርቮልት የተባለ የጥቃት ዘዴ ይፋ አደረጉ። የፕሮሰሰሩን ቮልቴጅ በፕሮግራም ዝቅ በማድረግ በውስጡ የተጠበቀ ምስጢር ማውጣት እንደሚቻል አሳዩ። ኢንቴልና የላፕቶፕ ሠሪዎቹ መልስ አድርገው ያወጡት የባዮስ ማሻሻያ በብዙ ላፕቶፖች ላይ ቮልቴጁን የመቀነሻውን መንገድ ዘጋው። ችግሩ እውነተኛ ነበር፤ ጥበቃውም ተገቢ ነው። ነገር ግን ባለቤቱ አውቆ፣ ፈቅዶ እንዲከፍተው ምርጫ ሳይሰጡት መዝጋት ሌባ ገባ ተብሎ የባለቤቱን ቍልፍ እንደ መቀማት ነው። የተዘጋውም ጎጂው መንገድ ብቻ አልነበረም፤ ቮልቴጅን መቀነስ ላፕቶፕን ከሚያቀዘቅዙት መንገዶች ሁሉ የተሻለው ነበርና።

የተሻለ መንገድ መኖሩንም የሚያሳዩ አሉ። ፍሬምዎርክ የተባለው ኩባንያ በ2021 የመጀመሪያውን ላፕቶፕ ሲያወጣ ማዘርቦርዱ በሙሉ እንዲለወጥ አድርጎ ነው። ያን የገዛ ሰው በ2022 የዐሥራ ሁለተኛውን ትውልድ፣ በ2023 ደግሞ የኤኤምዲን ቦርድ ገዝቶ በዚያው ቀፎ ውስጥ ማስገባት ችሏል። በ2024 የመጣው ትልቁ ሞዴል የግራፊክስ ክፍሉ ሳይቀር የሚነቀል ነው። ዋጋው ለእኛ ኪስ አይሆንም፤ ነገር ግን «ቀጭን ላፕቶፕ ሊለወጥ አይችልም» የሚለውን ምክንያት ከንቱ አድርጎታል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

መቃወም ብቻውን ፍሬ የለውምና ጥያቄ ያለው ሁሉ በዚህ ተራ እንዲሄድ እንመክራለን።

አንደኛ፤ አቧራውን ማውጣት። ላፕቶፑን አጥፍቶ፣ ከመብራት ነቅሎ፣ የኋላ ክዳኑን ከፍቶ፣ የባትሪውን ገመድ አላቅቆ፣ ማራገቢያዎቹንና የአየር መውጫዎቹን በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ ነው። በአልጋ ልብስ ላይ አስቀምጦ መጫወትም ይቅር፤ የአየር መግቢያው ከሥር ነውና ይታፈናል። ከኋላው በሁለት መጻሕፍት ከፍ ማድረግ ብቻ ልዩነት ያመጣል።

ሁለተኛ፤ ተርማል ፔስቱን መለወጥ። በፕሮሰሰሩና በመዳቡ መካከል ያለው ቅባት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይደርቃል። አሮጌውን በአልኮል ጠርጎ ጥቂት አዲስ መቀባት ከማንኛውም ኦቨርክሎክ የበለጠ ፍጥነት የመለሰላቸው ላፕቶፖች ብዙ ናቸው።

ሦስተኛ፤ ባዮሱ ከፈቀደ ቮልቴጁን መቀነስ። በኢንቴል ላፕቶፕ ላይ ትሮትልስቶፕ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይህን ያደርጋል። ከላይ ያየነው ስሌት እዚህ ይገለበጣል፤ ምቱ ሳይነካ ቮልቴጁ በ10 ከመቶ ቢቀንስ 0.9 በ0.9 ሲባዛ 0.81 ነውና ከሥራው የሚመጣው ሙቀት በ19 ከመቶ ይቀንሳል። በትንሽ በትንሹ እየቀነሱ መሞከር ይገባል። ከልክ ካለፈ ላፕቶፑ ደርቆ ይቆማል፤ ሲነሣ ወደ ቀድሞው ይመለሳል፤ ስለዚህ ያልተቀመጠ ጽሑፍ ክፍት ይዞ መሞከር አይገባም። ይህ መንገድ ለተዘጋበት ሰው በዊንዶውስ የኀይል ማስተካከያ ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ መጠን ከ100 ወደ 99 ከመቶ ማውረድ ቱርቦውን ያጠፋዋል። ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ብዙ ጌም ሳይንተፋተፍ በእርጋታ ይሄዳል።

አራተኛ፤ ገንዘብ ካለ በሚለወጠው ላይ ማውጣት። አንድ ራም ብቻ ያለበት ላፕቶፕ ሁለተኛ ራም ሲገባለት ትውስታው በሁለት መስመር ይነበባል፤ ይህም በጌም ላይ በግልጽ ይታያል። የድሮው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለበት ደግሞ ኤስኤስዲ ካስገባ ዕቃው የታደሰ ይመስለዋል። አስቀድሞ ግን ራሙ ተበይዶ እንደ ሆነ ማረጋገጥ ይገባል፤ ዛሬ እርሱንም መበየድ ተለምዷልና።

ይህን ሁሉ ካደረገ በኋላ የሙቀቱ ቍጥር ዝቅ ብሎ የተረፈ ቦታ ያገኘ፣ ማባዣውም ክፍት የሆነለት ሰው ኦቨርክሎክ ልሞክር ቢል አንከለክለውም። በዚያን ጊዜ በዕውቀት ያደርገዋል።

ለኅብረታችን ያለን አሳብ

የተማሪዎች ኅብረት ኳስና ሜዳ እንደሚያስብ ሁሉ ስለዚህም ሊያስብ ይገባዋል። የምንጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። አንድ ሳጥን ይዘጋጅ፤ በውስጡ ጥሩ የካቻቪቴ ስብስብ፣ ብሩሽ፣ አልኮልና ተርማል ፔስት ይኑር። በወር አንድ ቅዳሜ ከኤሌክትሪካልና ከኮምፒውተር ክፍል ሁለት ሦስት ፈቃደኞች ተቀምጠው ለሚመጣው ሁሉ ያሳዩ። ሥራውን ግን ባለቤቱ ራሱ በእጁ ይሥራው። በተጨማሪ አንድ መዝገብ ይከፈት፤ የተከፈተው ላፕቶፕ ሁሉ ሞዴሉ፣ ራሙ የሚለወጥ መሆን አለመሆኑ፣ ባዮሱ ቮልቴጅ ማስተካከል መፍቀድ አለመፍቀዱ፣ ከጽዳቱ በፊትና በኋላ የነበረው ሙቀት ይጻፍበት። ዓመት ሳይሞላ ማንም ሻጭ የማይሰጠን ዕውቀት በእጃችን ይሆናል።

ይህ መዝገብ ሲኖር አዲስ ገቢ ተማሪ ወደ ሱቅ ሲሄድ «ስንት ጊጋኸርዝ ነው?» ብቻ ብሎ አይጠይቅም። «ራሙ ይነቀላል ወይ? ስንት ማስገቢያ አለው? ባትሪው ይለወጣል ወይ? ከፍቼ ባጸዳው ዋስትናው ይፈርሳል ወይ?» ይላል። አንድ ገዢ ቢጠይቅ ሻጩ ይስቃል፤ መቶ ገዢ ቢጠይቅ ግን አስመጪው የሚያመጣውን ዕቃ ይመርጣል።

በመጨረሻ ካቻቪቴውን ይዞ ለቀረበው ወንድማችን አንድ ቃል አለን። ካቻቪቴውን አታስቀምጥ፤ ግን ፕሮሰሰሩን ተወውና ከማራገቢያው ጀምር።